የማልኩበት ዓሣ

በ2016 ዓ.ም. በፀደይ ነበር። ስዊድኖቹ ፋሲካቸውን አክብረው ጨርሰዋል፤ እኛ ገና ሁዳዴ ላይ ነን።

ባለቤቴን በመስከረም ስትሮክ መትቶት ቀኝ ጎኑ ዝሎ ነበር። ሶልና ያለው ሆስፒታል ነፍሱን አተረፈልኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እግሩ በምርኩዝ ለመሄድ በቃ። የቀኝ እጁ ጣቶች ግን ይታጠፋሉ እንጂ የያዙትን አይጠብቁም። ማንኪያ ይወድቅበታል። የእኔንም እጅ ሲይዝ ሳያውቀው ይለቀዋል።

አውቶቡስ ነጂ ነበር። እጁን ወደሚያሠሩበት ሬሃብ በየሳምንቱ ይሄድ ነበር፤ ከጥምቀት በኋላ ተወው። «የሞተ እጅ ነው፤ ሬሳ አታስጨብጡኝ» አለ። የሬሃቧ ሠራተኛ ደውላ፣ አሁን ከተወው እጁ እንደዚያው ደርቆ ይቀራል አለችኝ። ልጃችን በስዊድንኛ ለመነችው፣ እኔ በአማርኛ ለመንኩት። በሁለቱም አልሰማ አለ።

አንድ ቀን ነገሩን ራሱ አመጣው። «ጋሼ ዓሣ ሊያጠምድ ሲሄድ ይዞኝ ይሂድ። በዚህ እጄ አንድ ትልቅ ዓሣ ጎትቼ ካወጣሁ ሬሃቡን እመለስበታለሁ። ካቃተኝ ግን ሁለታችሁም ተዉኝ።»

ጋሼ የሚለው ታላቅ ወንድሙን ነው። እኔም ጋሼ ነው የምላቸው። በሱዳን በኩል ከሁላችን በፊት ስዊድን የገቡ፣ ሶደርተልየ ከተማ የጭነት መኪና ሲገጣጥሙ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እኛን ያመጡን እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያውን የበረዶ ወራት ያሳለፍነው በእሳቸው ቤት ነው፤ ለልጄ የመጀመሪያዋን የብርድ ጫማ ያጠለቁላት እሳቸው ናቸው። በጸሎቴ ስማቸውን ዘልዬ አላውቅም። አፋቸው ግን ክፉ ነው። ውለታቸውን የተቀበለ ሁሉ አፋቸውንም አብሮ ይቀበላል።

ባለቤቴ ሲደውልላቸው ድምፁ ከፍ ብሎ ስለነበር ሰማሁ።

«በየትኛው እጅህ ልታጠምድ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ፣ «ና በቃ። ሙሽሪትንም ይዘሃት ና። ሱሪህን የሚያስርልህ ሰው ያስፈልጋል፤ እኔ ሞግዚት አይደለሁም።»

ሙሽሪት እኔ ነኝ። ስንጋባ የጠሩኝ ስም ነው፤ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳም አልተዉትም።

ከሰፈራችን ከአካላ በምድር ውስጡ ባቡር በቱነልባና፣ ከዚያ በከተማ ዳሩ ባቡር በፔንደልቶግ ሶደርተልየ ሄድን። ከሶደርተልየ በእሳቸው መኪና ተጉዘን አንድ ሐይቅ ዳር በተከራዩት ትንሽ የእንጨት ቤት አደርን። ጠዋት በጀልባ ወጣን። ቬነርን ሐይቅ ይባላል እንጂ ማዶው አይታይም፤ ማዕበል አለው። በረዶው ከቀለጠ ብዙ አልቆየም። ጓንት ለብሼ እንኳ ጣቶቼ ይቆረጥሙኝ ነበር።

እዚያ ዓሣ የሚጠመደው ጀልባ አቁሞ አይደለም። ሞተሩ በዝግታ እየሄደ ክሮቹ ከኋላና ከጎን ይጎተታሉ፤ በየጫፋቸው ትንሽ ዓሣ የሚመስል የሚያብረቀርቅ ብረት ከነመንጠቆው አለ። ዘንጎቹ በጀልባዋ ጠርዝ ተሰክተው ይቆማሉ። ሰው ቁጭ ብሎ ያያቸዋል። አንዱ ከጎበጠ ዓሣ ይዟል ማለት ነው። ያን ጊዜ ዘንጉን ነቅሎ በግራ እጅ መያዝ፣ ክሩ የሚጠቀለልበትን ማጠንጠኛ በቀኝ እጅ ማዞር ነው። ባለቤቴ የመጣው ለዚህ ነው፤ የሚያዞረው ቀኝ እጅ ነው።

ረፋዱ ላይ የጋሼ ዘንግ ጎበጠ። አንድ ሳልሞን አወጡ። ትልቅ አልነበረም። ጀልባዋ ወለል ላይ ሲንፈራገጥ በእግራቸው ረግጠው ጀርባውን አሳዩን።

«እዩ፣ ከጭራው ከፍ ብሎ ትንሿ ክንፍ የለችም። ተቆርጣለች። ሰው አርብቶ የለቀቀው ነው፤ ይህን መብላት ይቻላል። ክንፉ ያለው የሐይቁ የራሱ ነው፤ እሱን ከውሃ ሳታወጣ መንጠቆውን ነቅለህ ትለቃለህ። ሕግ ነው።»

ከዚያ በቆመጥ ጭንቅላቱን መቱት። አልሞተም። እኔን እያዩ ደገሙት። ደሙ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ።

«ምነው ሙሽሪት፣ ፊትሽን አዞርሽ? ይኸ እኮ የጾም ነው።»

«እኔ ዓሣም አልበላም ጋሼ።»

«ጽድቁን ለብቻሽ ጨረስሽው» አሉና ከቦርሳቸው ቋሊማ አውጥተው ይገምጡ ጀመር። ለባለቤቴም አቀረቡለት። ራሱን ነቀነቀ። «ሚስትህን ፈርተህ ነው ወይስ መያዝ አቅቶህ?» አሉት።

ባለቤቴ የኋለኛው ጠርዝ ሥር የዕቃ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ነበር። ማዕበሉ ስለሚያንገዳግደው መቆም አይችልም። ከተቀመጠበት ሰማዩንና ዘንጎቹን እንጂ ውሃውን አያይም።

ከሰዓት በኋላ የእሱ ዘንግ ጎበጠ። ጋሼ ነቅለው ጭኑ ላይ ጣሉለትና እኔን «መሪውን ያዢ፣ ወደ ነፋሱ ቀጥ አድርጊያት» አሉኝ። ከዚህ በፊት መሪ ይዤ አላውቅም። ያዝኩ። አንገቴን እያዞርኩ አያቸው ነበር።

ክሩ ወደ ሐይቁ እየጮኸ ይሮጣል። ባለቤቴ የዘንጉን ግርጌ ሆዱ ላይ ተክሎ በግራው ያዘ፤ በቀኙ ማጠንጠኛውን ጨበጠ። አንዴ አዞረና እጁ ለቀቀ። እንደገና ያዘ። እንደገና ለቀቀ። ማጠንጠኛው ሲመለስ አውራ ጣቱን መታውና ደማ።

«በጥርስህ ያዘው!» ይሉታል ጋሼ። «እንደዚህ ነበር አውቶቡሱንም የምትነዳው? ሕዝቡን እግዜር ነው ያተረፈው!»

ላቡ በዚያ ብርድ ከግንባሩ ይወርዳል። ጋሼ ዘንጉን ሊቀበሉት እጃቸውን ዘረጉ።

«ይተዉት» አልኳቸው።

«አንቺ ወደፊት እዪ!»

አልሰጣቸውም። ጣቶቹ ሲለቁ በእጁ አንጓ ማዞር ጀመረ፤ አንጓው ሲደክም እንደገና በጣቶቹ። ብዙ ቆየ። እኔ መሪውን ይዤ «አቤቱ ማረን» እያልኩ ነበር፤ ለማን እንደምለምን ግን አላውቅም፣ ለእሱ ነው ወይስ ለዓሣው። በመጨረሻ ክሩ አጠረ። ጋሼ ፒንሳቸውን ይዘው ጠርዙ ላይ ጎነበሱ፤ በሰፊው ጀርባቸው ውሃውን ከባለቤቴ ከለሉት።

እኔ ቆሜ ስለነበር ከትከሻቸው በላይ አየሁ። ኧሪንግ የሚሉት፣ የሳልሞን ዘመድ የሆነ ጥቁር ነጠብጣብ ያለው ዓሣ ነው። ክንዴን ከነእጄ ያህላል። ሆዱ ነጭ፣ ወፍራም፤ አፉን ይከፍታል ይዘጋል። ጀርባው ላይ ትንሿ ክንፍ አለች። የሐይቁ የራሱ ነው። ጋሼ ለትንሽ ጊዜ አዩት። ከዚያ መንጠቆውን በፒንሳ ነቀሉለትና ወደ ታች ሄደ።

ቀና ብለው እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ።

«ክንፍ ነበራት፣ ለቀቅኳት። ለነገሩ ስንዝር አትሞላም።»

«ስንዝር?» አለ ባለቤቴ። ገና ያለከልካል።

«ስንዝር። እጅህ ነው እንጂ የታገለህ፣ ዓሣዋማ ምን አቅም አላት።»

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ አይተሻል?»

«ትልቅ ነው» አልኩ። «ጋሼ፣ ትልቅ ነው እኮ።»

«መሪውን ልቀቂ፣ ድንጋይ ላይ ልታወጪን ነው» አሉና ገፋ አደረጉኝ። ጀልባዋንም ወደ ወደቡ መለሷት። ያን ዓሣ ለምን ስንዝር እንዳሉት እስከ ዛሬ አላውቅም። የማውቀው፣ ያን የመሰለ ዓሣ ይዘው እንደማያውቁ ነው፤ ቢይዙ ኖሮ ፎቶውን እናየው ነበር።

ወደቡ ላይ ሁለት ጓደኞቻቸው ጠበቁን። የፋብሪካ ባልደረቦቻቸው ነበሩ፤ በሌላ ጀልባ ወጥተው ቀድመውን ተመልሰዋል። እሳት አንድደው ዓሣ ይጠብሳሉ።

«ወንድምህስ? ቀናው?» አለ አንደኛው።

«ወንድሜማ ጀግና ነው!» አሉ ጋሼ። ስንዝራቸውን ዘረጉ። «ይህቺን ለመጎተት ግማሽ ቀን ታገለ። ትንሽ ቢቆይ ዓሣዋ ራሷ አዝና ጀልባው ላይ ትወጣለት ነበር።»

ሁለቱ ሳቁ።

«ጋሼ፣ ትልቅ ነበር» አለ ባለቤቴ። «ክሩ ሲሮጥ ሰምተሃል።»

«ክሩ የሮጠው እጅህ ስለለቀቀ ነው።»

ባለቤቴ እጁን አየው። 

«ትልቅ ነበር» አልኩ እኔ። «ይህን ያህላል።» ክንዴን ዘረጋሁላቸው።

«እንዴ፣ ሙሽሪት ተናገረች!» አሉ ጋሼ። ፈገግታቸውን አይቼ ምን ሊሉ እንደሆነ አወቅሁ። «እስቲ ማርያምን በዪ።»

እኔ አልምልም። ለአንድ ሲኒ ጨው ማርያምን የሚል ሰው በሞላበት ሰፈር አድጌ፣ ከልጅነቴ አልምልም። ዘመድ ጓደኛው ሁሉ ያውቃል፤ ጋሼ ደግሞ ከሁሉ በላይ ያውቃሉ፣ ስንት ጊዜ ተሳልቀውብኛል።

«አይቻለሁ። ቃሌ ይኸው ነው» አልኩ።

«ማርያምን ካላልሽ አላየሽም። እውነት ከሆነ ምን ያስፈራሻል? አያችሁ፣» አሉ ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው፣ «ለባሏ መዋሸት አማራት፣ እመቤቴን ግን ፈራች።»

«ተዋት በቃ» አለ አንዱ ሰውዬ። ግን ይስቅ ነበር።

 ባለቤቴ ዓይኔን ብቻ ያይ ነበር። ቀኝ እጁን በግራው ይዞታል፤ አውራ ጣቱ ላይ ያለው ደም ደርቋል። ዝም ብል ያ እጅ ከዚያ ቀን በኋላ ምንም እንደማይጨብጥ አወቅሁ።

«ማርያምን አይቻለሁ» አልኩ። «ይህን ያህል ነበር።»

ሳቁ ቆመ። ሁለቱ ሰዎች እሳቱን ያዩ ጀመር።  ባለቤቴ ቀና ብሎ ተቀመጠ፤ ከመስከረም ወዲህ እንደዚያ ሆኖ አላየሁትም። አመሰገንኩ፤ ምስጋናዬ ግን ሶደርተልየ ድረስ ብቻ ነበር የቆየው።

ጋሼ ባቡር ጣቢያው ላይ አወረዱን። ቦርሳችንን ራሳቸው አውጥተው ሰጡን። ከዚያ የባለቤቴን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። ድምፃቸው ለስልሶ ነበር።

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ይህች ሴት በዕድሜዋ አንዴ ማለች። ለዓሣ ብላ ይመስልሃል? አዝናልህ ነው። ምን ያህል ብታሳዝናት እንደሆነ አስበው።»

መኪናቸው ውስጥ ገቡና ሄዱ።

በባቡሩ መስኮት በኩል ጥድ ብቻ ያልፋል። ባለቤቴ፣ «ለእኔ ብለሽ ነው የማልሽው ወይስ አይተሽ?» አለኝ።

«አይቼ።»

«ለእኔ ብለሽ ቢሆንም ‹አይቼ› ነበር የምትዪው።»

እውነቱን ነው።  ቤት ደርሰን ልብሱን ሳወልቅለት እንደ ዕቃ ሆነልኝ፤ አልረዳኝም፣ አልከለከለኝም። «ከእንግዲህ ተዪኝ» ብሎ ተኛ።

በማግሥቱ ጠዋት ቀድሜው ተነሣሁ። የሬሃቡን ነገር አላነሣሁበትም። ልብሱን አልጋው ላይ አስቀመጥኩና «ልበስ» አልኩት።

«የት ልንሄድ?»

«ንስሐ ልገባ ነው። አብረኸኝ ትገባለህ።»

በሁዳዴ ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ጸሎት አለ። ስንደርስ ተፈጽሞ ጥቂት ሴቶች ነጠላቸውን እያጠፉ ነበር። የንስሐ አባቴ አንድ ጥግ ወንበር ስበው ተቀመጡና ባለቤቴን አዩት።

«እሱ ውጪ ይጠብቅሽ» አሉኝ።

«አይ አባቴ። ይስማ። እዚህ እንደማልዋሽ ያውቃል።»

ተንበረከክኩ።

«በእመቤቴ ስም ማልኩ አባቴ።»

«አንቺ?»

«እኔ።»

«በሐሰት?»

«በእውነት። ባለቤቴ የጎተተውን ዓሣ አይቼው ነው የማልኩት። አላየሽም አሉኝ፤ አይቼው ነበር።»

«በእውነትም ቢሆን ፈጽማችሁ አትማሉ ነው የተባለው።»

«አውቃለሁ አባቴ።»

«ትጸጸቻለሽ?»

እዚህ ላይ ቆየሁ። እሳቸው ይጠብቃሉ። ከኋላዬ ምርኩዙ ወለሉን ሲነካ ሰማሁ።

«በመማሌ ቀኖናዬን ይስጡኝ» አልኩ። «ስላየሁት ግን አልጸጸትም።»

የንስሐ አባቴ ሊናገሩ ሲሉ ባለቤቴ ቀደማቸው።

«ከጣትሽ እስከ የት?» አለኝ። «ዓሣው። እስከ ክርንሽ ነው ወይስ እስከ ትከሻሽ?»

«ዝም በል፤ የንስሐ ቦታ ነው» አሉት የንስሐ አባቴ።

«እስከ ትከሻዬ» አልኩ፣ ወደ ኋላ ሳልዞር።

የንስሐ አባቴ ተቆጡን፤ ሁለታችንንም። ከዚያ ስግደት አዘዙኝ፤ እስከ ሆሳዕና። ነጠላዬን አደገደግሁና እዚያው፣ እሱ እያየኝ፣ መስገድ ጀመርኩ።