የተጋደመው ሽቦ

የዚያን ቀን የነበርነው አባቴ፣ እናቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ጎረቤታችን ባለወፍጮው እና እኔ ነን። ቤታችን ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ ዘንገና አካባቢ ነው።

አባቴ ፈረስ መግራት ያውቃል። በፈረሰኞች በዓል ላይ አንድ ጋዜጠኛ ስለ ሙያው በአዊኛ አነጋግሮት ነበር። ንግግሩ የሚተላለፈው በዚያ ቀን ከሰዓት፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የእኛ ሬዲዮ ደግሞ በአጭር ሞገድ ሲከፈት፣ ወፍጮው ከተነሳ እንደሚቆላ ሽምብራ ይንጣጣል።

ባለወፍጮው «ላጥፋልዎት?» አለው።

አባቴ እህል ይዘው ተራ የሚጠብቁትን ሰዎች አየ። «የሰው እህል በእኔ ወሬ አይቆምም» አለ።

በሰፈራችን አንቴና የሚባለው ረጅም ቀርከሃ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ሽቦ ነው፤ የማን ይረዝማል እየተባለ ፉክክርም አለበት። የእኛን የተከለው አጎቴ ነው። እኔ ሬዲዮ እየፈታሁ እየገጠምኩ የደረስኩበት ግን ሌላ ነው። እንደ ወፍጮው ያለ ሞተር ሬዲዮ ላይ የሚፈጥረው ጩኸት ከቅርብ፣ ምድር ለምድር ሲመጣ ሞገዱ አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ስለሚደርስ፣ የቆመ ሽቦ ይበልጥ ይቀበለዋል። የሩቅ ጣቢያ ሞገድ ግን ከሰማይ ተመልሶ ሲወርድ አቅጣጫው ስለሚለዋወጥ የተጋደመ ሽቦም ያገኘዋል።

ቀርከሃውን ነቅዬ ሽቦውን ከቤቱ ክዳን ጫፍ እስከ አጥሩ በአግድም መወጠር ጀመርኩ።

«ሰው ሽቅብ ይሰቅላል፣ አንተ ታጋድማለህ?» አለ አጎቴ። «ልብስ ልታሰጣበት ነው?»

«ካልሰራ አሰጣበታለሁ» አለች እናቴ።

ሽቦው ጣራውን እንዳይነካ ጫፉን ከደረቅ ገመድ ጋር አሰርኩት። ገና ቋጠሮውን ሳጠብቅ ቤት ውስጥ ያሉት ጸጥ አሉ። ስገባ ወፍጮው እየፈጨ ነው። መንጣጣቱ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ከሩቅ እንደሚሰማ ዝናብ ሆኗል። ከላዩ የአባቴ ድምፅ ጥርት ብሎ ይናገራል።

አባቴ አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ። «ይሄ ሰውዬ ፈረስ ያውቃል» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ልጁም ሽቦ ያውቃል» አለ። አጎቴ የራሱን ቀርከሃ ያወረደው በማግስቱ ነው።

ውጭ ስለነበርኩ የአባቴን የመጀመሪያ ቃላት አልሰማኋቸውም። ቤት ውስጥ የነበራችሁ ይህን ካነበባችሁ፣ ምን ብሎ እንደጀመረ ጨምሩልኝ።