የልደታው ደጅ መሐላ

ያቺ ሴት በሐሰት ምላ ይሆን? ፍቺ፣ ቀለብ፣ ሞግዚትነት፣ የአባትነት ክርክር፤ ዕድሜዬን ሙሉ ጥብቅና የቆምኩት በቤተሰብ ጉዳይ ነው። ትምህርት ቤት የገባሁት ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ እኩዮቼ ልጅ ታቅፈው ሳሉ ነው። ከዚያ ወዲህ እውነተኛውን ቃል ከሐሰተኛው ስለይ ኖሬአለሁ። የእሷን ግን እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

አባቴ ነገረ ፈጅ ነበር። በጣሊያን ጊዜ የባልና ሚስት ጣጣ የገጠመው ሰው ጣሊያኑ ዳኛ ፊት ከመቆም ልደታ ማርያም ግቢ ሽማግሌ ማስቀመጥ ይመርጥ ስለነበር፣ አባቴም የሚሟገተው እዚያው ነው። ነገሩ ወደ መሐላ የሚያመራ ከሆነ የሚምለውን ሰው እውነቱን አይጠይቅም። “ካወቅሁ አብሬ ማልሁ ማለት ነው” ይል ነበር።

ሴትየዋ ጎረቤታችን ናት። ባሏ ጫካ ገብቶ ተገደለ። የባሏ ወንድም የጣሊያን አስተርጓሚ ነበር፤ ያለበትን የጠቆመውም እሱ ነው ይባላል። ይኸው ሰው “የወንድሜ ልጅ እኔ ቤት ትደግ” ብሎ ሽማግሌ ሰበሰበ። ሽማግሌዎቹም ልጅ የአባት ወገን ነው ባዮች ነበሩ።

“ጋሼ፣ ልጄን ለዚያ ሰው ከምሰጥ ልሙት” አለችው አባቴን።

“አንድ መንገድ አለ። የሟች ልጅ አይደለችም ብለሽ ደጁን ይዘሽ ከማልሽ ማንም አይወስድብሽም። መንደሩ ግን ስም ያወጣልሻል።”

“እውነቱን ለመናገር እኮ…”

“እንዳትነግሪኝ!” ብሎ ብድግ አለ። እኔ ጥግ ይዤ ጥጥ እፈትል ነበር።

በማግስቱ ሕፃኗን አቅፌ ቆምኩ። እናትየው የቤተ ክርስቲያኑን በር ይዛ፣ “ይህች ልጅ የባሌ ልጅ አይደለችም። ብዋሽ ልደታ ትፍረድብኝ” አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

“እሰይ!” አለ አስተርጓሚው እየሳቀ። “ወንድሜ ጫካ ሲያድር አልጋው ባዶ አልነበረማ!”

ማንም አልሳቀለትም። ሕፃኗ ብቻ ሳቁን ሰምታ ሁለት እጇን ዘረጋችለት። ሰውየው ፊቷን ትክ ብሎ ሲያይ ቆየና ቆቡን ደፍቶ ወጣ።

ሴትየዋ ከዚያ ወዲያ ከአጥሩ አልገባችም፤ ውጭ ቆማ ተሳልማ ትመለሳለች። ያስቆማት የሐሰት መሐላዋ ይሁን የማለችበት ነውር፣ አላውቅም። ሞታ እንኳ በዚያ ሳልፍ አጥሩን የተደገፈች ባለነጠላ ካየሁ እግሬ ይያዛል።

አርባዋ በወጣ ማግስት ልጇ ቢሮዬ መጣች። ራሷም የልጆች እናት ሆናለች።

“እትዬ፣ የማን ልጅ ነኝ?”

“አላውቅም” አልኳት። ያየሁትንና የሰማሁትን ግን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ።

“እጄን የዘረጋሁት ለማን ነው ያሉኝ?”

“ለአጎትሽ።”

ቃሉ ካፌ ካመለጠ በኋላ ነው ያለሁትን የሰማሁት። እሷም ሰምታዋለች።