በመቀናጆ የገባው ካርድ

ባለፈው ሳምንት የድሮ ዕቃ ሳገላብጥ፣ ጠርዙ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም የተቀባ ግራፊክስ ካርድ አገኘሁ። አቧራውን ባራግፍለትም ያ የጋለ ፕላስቲክ ሽታ አሁንም አልለቀቀውም። ካርዱ የእኔ አይደለም፤ የልጅነት ጓደኛዬ የይበልጣል ነው። በዚያን ዘመንም ቢሆን ይሥራ አይሥራ ሳይገባኝ የቀረ ዕቃ ነው።

ልጅ እያለሁ ደብረ ማርቆስ ሰፈራችን ውስጥ የነበረው ጌም ቤት ተዘጋና ኮምፒውተሮቹ ተሸጡ። አንዱን አባቴ ገዛ፣ አንዱን ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅ። ለትምህርት ነው ተብሎ ነበር። ይበልጣል የእትዬ ጥሩወርቅ አንድ ልጅ፣ የእኔ እኩያ ነው። አባቱ ሥራቸው ሉማሜ ስለነበር፣ እናቱም ሱቅ ስለሚውሉ፣ ከትምህርት ሲመለስ ቤቱ ጭር ብሎ ነው የሚጠብቀው። ሁለታችንም በየቤታችን ተዘግተን የኳስ ጌም መጫወት ጀመርን። ችግሩ ጌሙ አዲስ፣ ማሽኑ አሮጌ ነው። አጥቂዬ ጎል ፊት ሲደርስ ስክሪኑ ቀጥ ይላል፤ ሲመለስ ኳሷ በረኛው እጅ ናት።

መላውን ያመጣው ይበልጣል ነው። ኮምፒውተሩን ፈትቶ ሲያይ፣ ምስሉን ለስክሪኑ የሚሠራው ግራፊክስ ካርድ የሚሰካበት ቦታ ሁለት ነው፤ የሁለታችን ካርድ ደግሞ አንድ ዓይነት ነው። ይጁቤ ያሉ አጎቶቼ አንድ አንድ በሬ ብቻ ሲኖራቸው በመቀናጆ አጣምደው ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ ያርሳሉ። በሬ ተጣምዶ ካረሰ ካርድ ተጣምዶ ምን ያቅተዋል? የእሱን ነቅለን እኛ ቤት ካለው ጎን ሰካነው። እትዬ ጥሩወርቅ ንብረት እንዳይቀያየር ብለው ቀይ የጥፍር ቀለም ቀቡት።

ስናበራው ድምፁ ወፍጮ ቤት ሆነ። አንድ ኪቦርድ ተካፍለን፣ እሱ በቀኝ እኔ በግራ ተቀምጠን ጀመርን። ጌሙ ግን ምን ልበላችሁ? አንዳንድ ቀን የፈጠነ ይመስለኛል፤ በማግስቱ አጥቂዬ ያው ጎል ፊት ይገተራል። ይበልጣልን ስጠይቀው "ኧረ ፈጥኗል፤ አንተ ቸኩለህ ነው" ይለኛል። እኔም የቸኮልኩ መሰለኝ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እኛ ቤት ሲደርስ ምን እንደነካው እንጃ።

ፋሲካ ሲቃረብ እትዬ ጥሩወርቅ መጡ። ካርዱ ከወጣበት ቀን ጀምሮ የእሳቸው ኮምፒውተር ስክሪኑ ጨለማ ነው። "ጥቅም ከሌለው ልጄ ካርዱን ይዞ ይግባ፤ ዕቃዬ ታውሮ አይቀመጥም" አሉ። እኔ ግን ጎን ለጎን መጫወቱን ለምጄዋለሁ። ገበሬ ቤት ያደገው አባቴ ሳቅ አለና "የለገመ በሬ እንዳለ ለማወቅ ጫንቃውን መዳበስ ነው። ያልሳበ አይሞቅም" አላቸው።

ካርዶቹንም እንዲሁ ልንፈትን ተጫውተን አጠፋነው። እኔ ኤሌክትሪክ ስለምፈራ እጄን አልሰደድኩም። ይበልጣል በተከፈተው ጎን እጁን አስገብቶ አንዱን ነካ፤ ቀዩ ላይ ደግሞ ትንሽ ቆየ።

"ሁለቱም ይሞቃሉ" አለ።

እናቱ ፊቱን አይተውት፣ "እንግዲያው ይሁን" ብለው ሄዱ። ደስ አለኝ፤ ደግሞ የባሰ ግራ ገባኝ። ሁለቱም ከሳቡ ማሳው ለምን አይታረስም? በዚሁ ጥያቄ እንደተጨቃጨቅን፣ ለዩኒቨርሲቲ እስክንለያይ ድረስ ተጫወትን።

ካርዱን ባገኘሁ ዕለት ባሕር ዳር ደወልኩለትና በእውነት ሞቆ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ረጅም ሳቅ ሳቀ።

"የእኔው የምንጭ ውኃ ነበር። ሁለቱን ካርዶች አጣምሮ የሚያሠራው ማያያዣ ራሱ መች ነበረንና። ታዲያ ቀዝቅዟል ብዬ ይዤው ልግባ? እቤት ከማን ጋር ልጫወት?"

የዛሬው ኮምፒውተሬ አንድ ካርድ ብቻ አለው፤ አጥቂዬ አንድም ቀን ተገትሮ አያውቅም። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር በኢንተርኔት እጫወታለሁ። ጎኔ ያለው ወንበር ልብስ ተቆልሎበታል። የመሥሪያ ቤት ልጆች ሁለት ካርድ ይጠቅማል ወይ ሲሉኝ፣ አይጠቅምም ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ። ግን ከአፌ አይወጣልኝም።

ያን ዕለት ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት ካርድህን ልላክልህ ስለው፣ "ተወው፣ አንተ ጋ ይቀመጥ" አለኝ። "የመምጫ ምክንያት ይሆነኛል።"