የእናቴን ሳሎን ያነሳሁበት ቀን

እናቴ ሚዛን ተፈሪ ያለውን ሳሎኗን ያስዋበችው በመጽሔት ነው። ማንበብ አትችልም፤ አማርኛም የተማረችው ገበያ ላይ ነው። ግን ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ ስኳር ሊጠቀልልበት በኪሎ ከሚገዛው አሮጌ መጽሔት ውስጥ የቤት ፎቶ ያለበትን ገጽ እየመረጠች ታስቀር ነበር። «ውሰጂ እቴ፣ ስኳር ሳሎን አያምረውም» እያለ ይሰጣታል። እሷም ዱቄት በውሃ አፍልታ ጭቃው ግድግዳ ላይ ትለጥፈዋለች። እኛ አገር ዝናቡ ስለማያባራ ወረቀቱ ይሻግታል፣ ሙጫውንም አይጥ ይበላዋል። ስለዚህ በየዓመቱ ገና ሲደርስ እንደ አዲስ ትጀምራለች።

ከሁሉ የምትኮራው በመስኮቱ ነው። ሳሎናችን በጓሮ በኩል መስኮት የለውም። አንድ ጊዜ ባሕር የሚታይበት ሰፊ የመስታወት መስኮት፣ ሁለት ገጽ የሞላ ፎቶ አገኘች። ለጠፈችው። አልበቃትም፤ ሽቦ ወጥራ እውነተኛ መጋረጃ ሰቀለችበት። እንግዳ ሲመጣ ገለጥ ታደርገዋለች፣ ሲመሽ ትዘጋዋለች። ከሰፈሩ ሴቶች አንዷም ስቃ አታውቅም። እንዲያውም ሽማግሌ የሚቀበል ሁሉ የእናቴን ሳሎን ይዋስ ነበር። የስንቱ ሴት ልጅ የተጠየቀችው እዚያ ባሕር ፊት ነው። እናቴ ገንዘብም ሥልጣንም አልነበራትም፤ የነበራት ክብር ያ ሳሎን ነው። ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር።

እኔ ጅማ ተምሬ ተመለስኩና እዚያው አጠገባችን አማን ከተማ ሥራ ያዝኩ። ያኔ መጽሔቱ ጠፍቶ ነበር፤ ባለሱቁም ወደ ፌስታል ዞሯል። ቤት የሚያሳምር ሰው የሚያየው ስልኩን ሆነ። እኔም ቤት ስለማስዋብ የምጽፍበት ብሎግ ከፈትኩ። አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ የቡና ነጋዴ ሚስቶችን ስለ ሳሎን እመክር ነበር። ኮርኒስ ሠሪዎቹ የእኔን ፎቶ እያዩ ጂፕሰም ያፈሱ ጀመር። ልቤ አበጠ።

አንድ ሰሞን ቤት ስለሚያበላሹ ስህተቶች ልጽፍ ፈለግሁ። ፎቶ ያስፈልገኛል፤ ለመሳቂያነት ቤቱን የሚሰጠኝ ግን አልተገኘም። እናቴ ትዝ አለችኝ።

«እማ፣ ሳሎንሽን ላንሳው።»

«መጽሔት ላይ ነው የሚወጣው?»

«እንደ መጽሔት ነው» አልኳት።

አንድ ቀን ስጪኝ አለች። ስመለስ ወለሉ ታጥቧል፣ የተላጠው ገጽ ሁሉ ከድሮ አስቀምጣ ባቆየችው ገጽ ተተክቷል። ቤተ ክርስቲያን የምትሄድበትን ቀሚስ ለብሳ መስኮቱ አጠገብ ቆመች፤ መጋረጃውን በእጇ ገለጥ አድርጋ ያዘችልኝ። «ባሕሩ ይገባል?» አለችኝ። ይገባል አልኳት።

ፊቷን ከፎቶው ቆርጬ ብሎጌ ላይ አወጣሁት። ለክብሯ ብዬ ነው ብዬም ራሴን ሸነገልኩ። እጇ ግን ቀረ። ከሥሩ እንዲህ ጻፍኩ፦ «መስኮት ከሌለዎት እንዲህ መሆንዎ ነው። መጋረጃውን ይልቅ ብርድ ልብስ ያድርጉት።» ሰው በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ዋና ይቻላል ወይ ብሎ ጠየቀ። እኔም ዋናተኛዋ ገና አልመጣችም ብዬ መለስኩለት። እሱን አሁንም ሳስታውሰው ፊቴ ይቃጠላል። መጽሔቱ ስንት ዓመት እዚያ ግድግዳ ላይ ኖረ፣ አንድ ቀን እንኳ አልሳቀባትም።

እናቴ የሰፈሩን ሴቶች ሰብስባ ጎረቤታችን አስተማሪዋ ቤት ሄደች። ልጄ ቤቴን አውጥታዋለች፣ አንብቢልን አለቻት። ይህን የነገረችኝ አስተማሪዋ ራሷ ናት፣ ደውላ። «መሃል ላይ ላቆም ስል ቀጥይ አለችኝ። ልጄ የጻፈችው ነው፣ ሁሉንም ልስማው አለች። ዋናተኛዋንም አነበብኩላት። ምን ላድርግ?»

ጽሑፉን አላጠፋሁትም። ከጻፍኩት ሁሉ ብዙ ሰው ያየው እሱን ነበር። በዚያው ሳምንት ከቴፒ አንዲት ሴት ሳሎኗን እንዳስውብላት ደወለችልኝ፤ ደስ አለኝ። መጀመሪያ ቴፒ ሄድኩ። እናቴ ጋ የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው።

እሁድ ነበር፣ ይዘንባል። ከሳሎኑ የሽማግሌዎች ድምፅ ይሰማል። የአስተማሪዋን ልጅ ሊጠይቁ መጥተው ነው፤ ሴቶቹ ከዚያ ሁሉ ሳቅ በኋላ ሽማግሌ የሚቀበሉት አሁንም እናቴ ቤት ነው። በሩን ስገፋ እናቴ ወጣችና ከኋላዋ ዘጋችው። በረንዳው ላይ የምቀመጥበት ዱካ አስቀመጠችልኝ። እኛ ዘንድ እሳት ሊጭር የመጣ ሰው እንኳ ሳይገባ አይመለስም።

«እማ፣ እየዘነበ ነው። እንግባ።»

«እዚሁ ይሻልሻል።»

«እኔ እንግዳ ነኝ እንዴ?»

«እንግዳማ ብትሆኚ አስገባሽ ነበር» አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ከውስጥ ጠሯት፤ እየሳቀች ገባች።

ብዙ ተቀመጥኩ። ፍንጣቂው እግሬን አራሰው። በመጨረሻ ልሄድ ስነሳ ወጥታ ጃንጥላዋን ሰጠችኝ። በሚቀጥለው እሁድ አመጣዋለሁ አልኳት።

«መመለስ አያስፈልግም» አለችኝ።