ስመኝ ያልጠጣችው በሶ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ወጥቼ፣ ጸበሉ ገና ከከንፈሬ ሳይደርቅ፣ ስልኬን ከፈትሁ። የትምህርት ቤት የሩጫ ጓደኛዬ ደስታ ከፍኖተ ሰላም የድምፅ መልእክት ልኮልኛል። «ስመኝ ቡሬ ላይ የሯጮች አሠልጣኝ ሆናልሻለች! ትናንት ልጆቿ አንደኛ ወጥተው ከተማው በእልልታ ነው የተቀበላቸው። አንቺንም አነሣችሽ አሉ» ይላል። እግዚአብሔር ይመስገን ማለት ሲገባኝ ቀናሁ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እዚህ ድሬዳዋ፣ ነጠላዬን እንዳጣፋሁ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ ቀናሁ።

ያኔ ዐሥረኛ ክፍል ነበርን። ስመኝ ከጅጋ ወዲያ ካለ ገጠር መጥታ፣ ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይታ ትማር ነበር። ሰኞ ሰኞ የሳምንት ስንቋን በጀርባዋ አዝላ በእግሯ ትገባለች፤ ያ መንገድ ነው መሰለኝ እግሯን ያበጀው። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ። አባቴ የሩጫ ጫማ ገዝቶልኝ፣ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቼ እየሮጥሁ፣ አንድም ቀን ቀድሜያት አላውቅም። እሷ ደግሞ ቀድማኝ ስትደርስ ቆማ ትጠብቀኛለች። የሚብሰኝ እሱ ነበር።

በታኅሣሥ፣ በነቢያት ጾም፣ ቡሬ ላይ የአገር አቋራጭ ውድድር ተዘጋጀ። ከየትምህርት ቤቱ ሴቶች ቀድማ የገባችው አንዲቷ ባሕር ዳር ሄዳ ትወዳደራለች ተባለ። ባሕር ዳርን ሁለታችንም አይተነው አናውቅም ነበር።

ዓርብ ማለዳ በአይሱዙ ተጭነን ወጣን። ማሳው ጤፉ ታጭዶ ገለባ ብቻ ቀርቶበታል፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ማንኩሳ ስንደርስ በየደጁ የተሰጣው በርበሬ ጉሮሯችንን ያዘንና እያስነጠስን፣ መልሰን እየሣቅን አለፍን። ስመኝ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። እንዳትነቃ ብዬ ሳልነቃነቅ ሄድሁ። እወዳት ነበር ብል አልዋሸሁም። ቅናት ከሩቅ ሰው ይልቅ በሚወዱት ላይ ይከፋል።

ቡሬ ስንደርስ የስፖርት መምህራችን በጀሪካን የበጠበጡትን በሶ አወረዱ። «የጾሙ ሰዓት ባይደርስም ንስሐ አባቴን ጠይቄያለሁ። መንገደኛና ሯጭ አንድ ነው ብለዋል፤ ጠጡ!» አሉን።

ደስታ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እመ ምኔት ሳይባርኩትማ አንጠጣም!» አለ። ሁሉም ሣቁ። ከቅዳሴ ስለማልቀር ያወጡልኝ ስም ነበር።

ስመኝ ግን አልሣቀችም። ኩባያዋን ይዛ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። «ምን ይሻላል፣ እቱ?»

«የተፈቀደው ለደከመ ሰው ነው» አልኋት ቀስ ብዬ። «አንቺ ደግሞ ድካም የት ታውቂና?»

«እሱስ እውነትሽን ነው» ብላ ኩባያዋን አቀበለችኝ። «አንቺም አትጠጭማ?»

«ኧረ እኔ!»

አልጠጣም አላልሁም። ከልጅነቴ ጀምሮ ቃሌን እጠነቀቃለሁ። ከአይሱዙው ጀርባ ዞርሁና የራሴንም የሷንም ጠጣሁት። ስኳሩ በዝቶበት ነበር።

ሩጫው ከከተማው ዳር ካለው የግጦሽ ሜዳ ተነሥቶ፣ ምንጭ ተሻግሮ፣ በባሕር ዛፉ መካከል ዳገት የሚወጣ ነው። ስመኝ እስከ ዳገቱ ስትመራ ቆየች። ከዚያ እግሮቿ ሲተሳሰሩ ከኋላዋ ሆኜ አየሁ፤ ተንበረከከች። ባጠገቧ ሳልፍ፣ ምራቋ ደርቆ ድምፅዋ አልወጣ እያለ፣ «ሂጂ እቱ፣ አንቺ እንኳ ግቢ!» አለችኝ። ገባሁ።

ባሕር ዳር ላይ ከመጨረሻዎቹ ጋር ነው የጨረስሁ። ስመለስ ስመኝ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሐይቁ ምን እንደሚመስል ጠየቀችኝ። ከጠየቀችኝ አስበልጬ ነገርኋት፤ ሞገዱን፣ ታንኳውን፣ ማዶው እንደማይታይ ሁሉ። እሷ እየሰማች ፈገግ ባለች ቁጥር ሌላ ጨመርሁላት።

ኋላ ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ያን ዓርብ በሶ መጠጣቴን ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ነበር። «የተፈቀደ ከሆነማ ምን ኃጢአት አለበት፣ ልጄ?» አሉኝ። ተጽናንቼ ተመለስሁ። የሁለተኛውን ኩባያ ነገር አላነሣሁላቸውም።

እሑድ ዕለት እቤት እንደ ገባሁ ለደስታ ደወልሁለት።

«ምን ብላ ነው ያነሣችኝ?»

«ለልጆቿ እኮ ነው። ‹ተርቤም ቢሆን ሃይማኖቴን እንድጠብቅ የመከረችኝ ጓደኛ ነበረችኝ› አለቻቸው። እመ ምኔት፣ ስብከት ሆነሻል!» ብሎ ሣቀ።

አልሣቅሁም። ደኅና ዋል እንኳ በቅጡ ሳልለው ዘጋሁት።

እንግዲህ ይህን ከምታነቡት መካከል በዚያ ዓርብ ቡሬ የነበራችሁ ሁሉ፣ የስመኝን ስልክ የያዘ ይላክልኝ፤ ከሌላ ሰው ሳትሰማው እኔው ልንገራት። አንድ ነገር ደግሞ እለምናችኋለሁ። ዳገቱ ላይ ቆማችሁ ስታጨበጭቡ የነበራችሁ፣ ስመኝ ከመንበርከኳ በፊት ምን ያህል ትቀድመኝ ነበር? እኔ ባሰብሁት ቁጥር እያሳጠርሁት ሄጄ፣ አሁን እጄን ብዘረጋ የምደርስባት ሆኗል። እውነተኛውን ርቀት ንገሩኝ፤ ለሷ ስናገር እንዳላሳንሰው።