አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀኝ

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ገርጂ በነበረው ቤታችን፣ የልጄ ባል ኮምፒውተሬ ላይ ሊነክስ የሚባል ነገር ጫነብኝ። ይህን ያህል ዓመት አልፎም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ኮምፒውተሩን ያመጣልኝ ራሱ ነው። ጉርድ ሾላ ያለው መሥሪያ ቤቱ አሮጌዎቹን ለሠራተኞች ሲያድል አንዱ ደረሰው፤ "እማዬ፣ እርስዎ ታይፒስት ነበሩ፤ አይከብድዎትም" ብሎ ሳሎን ጥግ አስቀመጠው። የአማርኛ መጻፊያም ጫነልኝ። እኔም የቤተሰባችንን የዘር ሐረግ መጻፍ ጀመርኩ። የአባቴን ወገን አውቀዋለሁ። የእናቴን ወገን ግን እስከ ሰባት ቤት የምታውቀው ቦሌ ሚካኤል የምትኖረው አክስቴ ብቻ ነበረች። ዓመት ሙሉ እየተመላለስኩ ማን ማንን እንደወለደ፣ ማን ከየት አገር እንዳገባ ጠየቅኳት። የነገረችኝን በቁራጭ ወረቀት እይዛለሁ፤ ቤት ስመለስ ኮምፒውተሩ ላይ ገልብጬ ወረቀቱን እጥላለሁ። ሰባተኛው ላይ በደረስን ክረምት አክስቴ ዐረፈች።

ጥቅምት ላይ ኮምፒውተሩ ሥራ መሃል ላይ ቀጥ እያለ ያስቸግረኝ ጀመር። የልጄ ባል አየውና "ቫይረስ ነው" አለ። በማግስቱ ቅዳሜ ከጓደኛው የተዋሰውን ሲዲ ይዞ መጣ። ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ፕሮግራም አንስቼ በሊነክስ እተካዋለሁ፣ እሱን ቫይረስ አይደፍረውም እያለ እጅጌውን ሰብስቦ ተቀመጠ። ከመጀመሩ በፊት ዞር ብሎ፣

"እማዬ፣ እዚህ ውስጥ የሚፈልጉት ነገር አለ እንዴ?" አለኝ።

"ምን አለኝ ብለህ ነው? ዝም ብዬ ስሞነጫጭር ነው" አልኩት።

"እንግዲያው ጥሩ" ብሎ ወደ ሥራው ዞረ።

ይህ ሰው ቤቴ በመጣ ቁጥር ምሳ ሲቀርብ "በልቻለሁ" ይላል። አምኜው አላውቅም። ሦስት ጊዜ እለምነዋለሁ፤ ከዚያ እጁን ታጥቦ የሁለት ሰው ይበላል። ያደገው እንደዚያ ነው፤ ሰው መጀመሪያ ሲጠየቅ "የለኝም"፣ "አልፈልግም" እንደሚል ከእኔ እኩል ያውቃል። ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ ግን የአገሩን ወግ ሁሉ ረሳ። አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀኝና አመነኝ። ማሽኑ እንኳ፣ በኋላ ራሱ እንደነገረኝ፣ "ሁሉም ይጥፋ?" ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቆታል። ሁለቴም "አዎ" ብሎታል። ማሽኑ ለእሱ ያሳየውን ጨዋነት እሱ ለእኔ ነፈገኝ።

ወደ ማታ ላይ "ይኸው አለቀ!" አለ። ጥቁር መስኮት ላይ ነጭ የእንግሊዝኛ ፊደል ተደርድሯል።

"የአክስቴ ጽሑፍስ?" አልኩት።

"የምን ጽሑፍ?"

ልጄ ከጓዳ ሰምታ ወጣች። "ምን አደረግክ አንተ?"

"ጠይቄያቸዋለሁ እኮ! ምንም የለኝም አሉኝ!"

"እና አመንካት? እማዬ መቼ አለኝ ብላ ታውቃለች? ስምንት ዓመት አማት አድርገሃት ይህን አታውቅም?"

አንገቱን ደፋ። ቆይቶ ደግሞ ያጽናናኝ መስሎት፣ "ግን እማዬ፣ ከአሁን በኋላ ቫይረስ አይገባበትም" አለኝ።

"ቫይረሱስ ከእንግዲህ ምን ሊያጠፋ ይገባል?" አልኩት።

ኮምፒውተሩን ተሸክሞ የጠፋ ይመልሳሉ ወደተባሉ ባልደረቦቹ ወሰደው። ሁለት ሳምንት ቆይቶ መለሰው። አንድም ስም አላገኙም።

ከዚያ በኋላ አልነካሁትም። ባለመስመር ደብተር ገዝቼ የማስታውሰውን በብዕር ጻፍኩ። የአባቴ ወገን ሙሉ ነው። የእናቴ አራተኛው ላይ ቆመ። ከዚያ በላይ ያሉትን መስመሮች ባዶ ትቼ፣ ከግርጌው ምክንያቱን ጻፍኩ፤ ማን እንዳጠፋው፣ ምን ብሎ እንደጠየቀኝ፣ እኔም ምን ብዬ እንደመለስኩ። የራሴን ቃል አልደበቅኩም።

ልጄ አንብባ ደነገጠች። "እማዬ፣ በእግዜር ሰርዢው። ነገ ልጆቻችን አድገው ያነቡታል እኮ" ብላ ለመነችኝ።

እንዲያነቡት ነው የጻፍኩት። አልሰረዝኩም።