ህንዳዊው እድርተኛ

ሂርጳ በዚህ ዓለም ላይ የማይችለው ነገር ቢኖር መዘግየት ነው። የየካ ሰፈራችን እድር ጡሩምባ ነፊ ነው። ድሮ እንጦጦ ሥር ገብስ ያርስ ነበር፤ ከተማው እየገፋ መጥቶ መሬቱን ሲውጥበት በሬዎቹን ሸጠና ጡሩምባ ያዘ። እኔ ዘሙሩድ በዚያ በደርግ ጊዜ ከመንገዱ ዳር ሱቅ ነበረኝ፤ ቀኑን ሙሉ "ስኳር የለም" ስል የምውልበት ሱቅ። ሂርጳ ሲነፋ ከተራራው ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው "ማን ሞተ?" ይላሉ። እሱም "የእኔ ሟች ጠብቆኝ አያውቅም" እያለ ይኩራራል። አቤት ጉራ!

ጎረቤቴ ሚስተር ኩሪያን ደግሞ ህንዳዊ የሂሳብ መምህር ናቸው፤ የቀበሌ ቤት ተሰጥቷቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። ጨጓራቸው ስለሚነሳባቸው ሐኪም ቤት ይመላለሳሉ፤ እዚያ ግን ከበሽታው በላይ የሚያስመርራቸው ጥያቄው ነው። "ማን አለዎት? ምግብ ማን ያመጣል? ማን ያስታምማል?" እኛ አገር በሽተኛ ብቻውን አይታከምማ! አንድ ቀን ሂርጳን "እድር ምንድን ነው?" አሉት። ሂርጳም እየተጣደፈ፣ "ሰው ሲቸገር ሁላችንም ግልብጥ ብለን የምንመጣበት ነው" ብሏቸው አለፈ። ስለ ሞት አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሰውየው ደስ ብሏቸው እድሩ ውስጥ ገቡ። ለካ እሳቸው እድሩን ለታመመ ሰው የሚደርስ አድርገውት ኖሯል! እኔም ይህ የገባኝ ኋላ ነው።

ክረምት ገባ፤ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ሌሎቹ ህንዳውያን መምህራን ለእረፍት አገራቸው ሄዱ። ሚስተር ኩሪያንን አንድ ጠዋት ሆዳቸውን ቀስፎ ያዛቸውና በሰፈራችን ልጅ በከማለዲን ውይይት ታክሲ ሆስፒታል ሄዱ። ሐኪሙ "ትርፍ አንጀት ነው፤ ዛሬውኑ ካልተቀደዱ ይፈነዳል" አላቸው። ታዲያ የሚፈርም ዘመድና ደም የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል። ከየት ይምጣ? የከማለዲንን እጅ ይዘው "እድሬን ጥራልኝ" አሉት።

ከማለዲንም ሰፈር ሲደርስ ከመኪናው እንኳ ሳይወርድ፣ "ሂርጳ! ሚስተር ኩሪያን ሆስፒታል ናቸው፤ እድሩ ይምጣ ተብሏል!" ብሎ ተሳፋሪውን ጭኖ ወደ መገናኛ እብስ አለ። ሂርጳ ምኑን ይጠይቅ? እድር ሆስፒታል የሚጠራው ሬሳ ለማውጣት ነው።

"መምህር ኩሪያን አርፈዋል! እድርተኛ ውጣ!"

ወላሂ ሚዛኑ ከእጄ ወደቀ። ወዲያው ድንኳን ተተከለ፤ ንፍሮ ተጣደ። ጎረቤታችን አባይነሽ "እናቱ ያልቀበረችው፣ ወይኔ ልጄን!" እያለች ደረቷን ትመታለች፤ ዶሮዬን በድንጋይ አባረሩብኝ ብላ ስትረግማቸው የከረመችው አባይነሽ! እኔም አለቀስኩ፤ ደግ ሰው ነበሩ። ከዚያ የህብረት ሱቁን የጭነት መኪና ለምነን፣ የሬሳ ሳጥን ጭነን፣ የእድሩን ዳኛ አቶ ዱጋሳን ከፊት አስቀምጠን ሄድን።

ሆስፒታል ስንደርስ ሬሳ ክፍሉ "እንዲህ ያለ ሰው የለንም" አለን። በመተላለፊያው ስንተራመስ አንድ አልጋ ላይ የተኮራመተ ሰው ቀና አለና፣

"መጣችሁ!" አለ።

ሚስተር ኩሪያን! አባይነሽ ጮኻ ወለሉ ላይ ተዘረረች። አቶ ዱጋሳ ወደ ሂርጳ ዞረው "ጡሩምባውን ታስረክባለህ" አሉት። የሂርጳ ፊት አመድ መሰለ።

ሐኪሙ ብቅ ብሎ "ዘመድ ማነው?" አለ። ሰውየው በላብ ተጠምቀው ዓይን ዓይናችንን ያያሉ። አንጀቴን በሉት።

"እህታቸው ነኝ" አልኩ።

"እሳቸው ህንዳዊ ናቸው እኮ።"

"የአንድ እናት ልጅ ሁሉ ይመሳሰላል ያለህ ማነው? እስክሪብቶውን ወዲህ በል!"

ሳቁን ውጦ ሰጠኝ፤ ፈረምኩ። ደም ሲባል እጅጌውን ቀድሞ የሰበሰበው ሂርጳ ነው፤ ሌላውም ከኋላው ተሰለፈ። ሐኪሙ በመስኮት አየት አድርጎ፣ "ያ ሳጥን ደግሞ ምንድን ነው?" አለ።

"ልብሳቸውን ይዘንላቸው መጥተን ነው" አልኩት።

ቀደዷቸው፤ አልሃምዱሊላህ ተረፉ። ሐኪሙም ሲወጣ "ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አይተርፉም ነበር" አለን።

ቁስላቸው ሽሮ ሲመለሱ እድር ማለት ምን እንደሆነ ቁጭ ብዬ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ፊታቸው ጠቆረ፤ ከዚያ ሆዳቸውን ደግፈው እስኪያማቸው ሳቁ። በሳምንቱ እሁድ ግን በሂርጳ ላይ ሊፈረድ እድሩ ተሰበሰበ።

"በቁሙ ሰው ገድሏል፤ ቀባሪ አስጠርቷል" አሉ አቶ ዱጋሳ። "እንዲህ ያለ ውርደት ደርሶብን አያውቅም።"

ሂርጳ ጡሩምባውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እጁን ግን ከላዩ ማንሳት አቃተው። "መሬቴ ሄደ፣ በሬዎቼ ሄዱ" አለ።

ይሄኔ ሚስተር ኩሪያን ተነሱ። "የሞትኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ልናገር" አሉ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን አልሳቁም። "ሂርጳ ቆሞ ቢያጣራና ‹ታመዋል› ብሎ ቢነግራችሁ፣ ያን ቀን ማን ይመጣ ነበር?"

አባይነሽ ነጠላዋን ታስተካክላለች። እኔም ብሆን፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ሱቄን ዘግቼ አልሄድም ነበር።

"በማግስቱ አንድ ሁለታችሁ ብርቱካን ይዛችሁ ትመጡ ነበር" አሉ። "ያኔ የሂርጳ ጡሩምባ ውሸት አይሆንም።"

አቶ ዱጋሳ ጡሩምባውን አነሱና ለሂርጳ መለሱለት።